እንባ የሌላት ልጅ

በባሕር ወለል ላይ የሚኖሩ ስድስት እህትማማቾች ስለ ላዩ ዓለም እንዲያወሩላቸው አያታቸውን ይወተውታሉ። አያትየዋም ስለ መርከብና ስለ ከተማ፣ ስለ ሰውና ስለ እንስሳ የሚያውቁትን ሁሉ ይነግሯቸዋል። ታናሺቱን እጅግ የሚያስደንቃት ግን በዛፍ ቅርንጫፎች መካከል ወዲያ ወዲህ እያሉ ጥዑም ዜማ የሚያሰሙት ዓሦች ወሬ ነው። ወፎቹን ማለታቸው ነው። ወፍ አይተው ለማያውቁ ልጆች ሌላ ምን ይበሏቸው?

ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ይህን ተናግሮት ያልፋል፤ አይመለስበትም። እኔ ግን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ንባቤን ገታ አደርጋለሁ። ተራኪው ዓይኑን ከውሃው በታች አስቀምጦ ነው ወደ ላይ የሚያየው። ለጥቂት ጊዜ እኛም አብረነው እንወርድና በየደጃችን የሚንጫጫውን ወፍ እንደማይታመን ነገር እናየዋለን። እንዲህ ያለው ዝርዝር ለጌጥ የገባ ይመስላል። ቆይቶ ግን ታሪኩን በሙሉ የተሸከሙት እነዚህ ትናንሽ ነገሮች መሆናቸው ይገባናል።

“ትንሿ የባሕር ልጅ” የታተመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1837 ኮፐንሃገን ውስጥ ነው፤ ለልጆች የተነገሩ ተረቶች በሚል ርእስ ይወጣ በነበረው ተከታታይ መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል፣ ከ“የንጉሡ አዲስ ልብስ” ጋር። ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች የባሕር ንጉሥ ልጅ ከሚሰጥም መርከብ አንድ ልዑል ታድናለች፤ ትወደዋለች፤ ድምፅዋን ለጠንቋይ ሰጥታ እግር ታገኛለች፤ ልዑሉ ግን ሌላ ያገባል። ብዙ ሰው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ዲዝኒ የሠራውን ፊልም ነው፤ እዚያ ሠርጉ የእሷ ነው። ፊልሙን የሚወዱትን አልነቅፍም። ነገር ግን አንደርሰን በዚህች ልጅ እግርና በዚህች ልጅ ዓይን የሠራውን ሥራ ፊልሙ ውስጥ ማንም አያገኘውም።

ታሪኩ ራሱ የቆየ ተረት እንደገና የተነገረበት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ዴ ላ ሞት ፉኬ እ.ኤ.አ. በ1811 ባሳተመው “ኡንዲኔ” ውስጥ አንዲት የውሃ መንፈስ ባላባት አግብታ ነፍስ ታገኛለች። ዴንማርክም አግኔቴ ስለምትባል ልጅና ስለ አንድ የባሕር ሰው የሚዘፈን የጥንት ዘፈን ነበራት፤ አንደርሰንም ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱን ወደ ድራማዊ ግጥም ለውጦት ነበር። ስለዚህ የተነሣበትን ጨርቅ በደንብ ያውቀዋል። የሚያስደንቀው የት ላይ ቀዶ የት ላይ እንደ ሰፋው ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1837 ለባለቅኔው ለኢንገማን በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ የባሕር ልጅቷ ነፍስ እንደ ፉኬ ታሪክ በሌላ ፍጡር ፍቅር ላይ እንዲንጠለጠል እንዳልፈለገ ገልጿል። የኡንዲኔ ነፍስ ከባል ጋር የሚመጣ ነው። አንደርሰን ይህን መገጣጠሚያ ፈታው። የእሱ ልጅ ባል ብታገኝ ነፍስ ልታገኝ ትችል ነበር፤ ባሉን አላገኘችም፤ ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላለቀም።

እስቲ መጀመሪያውን ቀረብ ብለን እንየው። ባሕሩ ጥልቅ መሆኑን መናገር አለበት። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ቅጽል ይደረድር ነበር። አንደርሰን መጀመሪያ የመርከበኛ መልሕቅ ገመድ ይሰዳል፤ አይደርስም። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ማማዎችን አንዱን በሌላው ጫፍ ላይ እያቆመ ከወለሉ እስከ ውሃው ፊት ይደረድራል። ሁለቱም መለኪያዎች የሰው ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ የነፍስ ቤት ነው። ታሪኩ ስለ ነፍስ መሆኑን አንባቢ ገና ሳያውቅ ቤተ ክርስቲያን በባሕሩ ወለል ላይ ቆሟል። በኋላ ልጅቷ ልዑሉን ተሸክማ የምታወጣው ደወል ከሚደወልበት የጸሎት ቤት አጠገብ ነው፤ የልዑሉ ሠርግም በደወል ይታወጃል። ለጥልቀት የመጣው መለኪያ እስከ መጨረሻው አይለቀንም።

ቤተ መንግሥቱ ሲገነባም እጁ አይቸኩልም። ግድግዳው ኮራል ነው፤ መስኮቱ አምበር ነው፣ የዴንማርክ ዳርቻ ሰዎች ከማዕበል በኋላ ከአሸዋ ላይ የሚለቅሙት ቢጫ የደረቀ ሙጫ። ጣሪያው ዛጎል ነው፤ ውሃው ሲፈስ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ዕንቁ አለ። የሚተነፍስ ጣሪያ! የባሕሩን ውሃ ሰማያዊነት ግን የሚያመጣው በእህል ማሳ መካከል ከምትበቅል አበባ ነው። የልዑሉን አገር ሲደርስ ደግሞ ሎሚና ብርቱካን ይተክልበታል፣ ደረጃውን በእብነ በረድ ይሠራዋል። አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1833 እና በ1834 ኢጣልያን ዞሮ ኔፕልስን አይቶ ነበርና ላዩ ዓለም የደቡብ ፀሐይ አለው፤ ታቹ ዓለም ደግሞ የአገሩ የዴንማርክ ነው። ልጅቷ ከቤት ወጥታ ባዕድ አገር እንደገባች ሳይነገረን ይሰማናል።

ታናሺቱ የአትክልት ቦታዋን እንደ ፀሐይ ክብ አድርጋ ቀይ አበባ ብቻ ትተክልበታለች። እህቶቿ ከሰመጡ መርከቦች የወረደውን ልዩ ልዩ ዕቃ ሲሰበስቡ፣ እሷ የምትፈልገው አንድ የእብነ በረድ ሐውልት ነው፤ የመልከ መልካም ልጅ ሐውልት። ልዑሉን ከማዕበሉ ስታወጣው ይህን ሐውልት ይመስላታል። ስለ ልዑሉ ብዙዎች መልክ እንጂ ጠባይ የለውም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን አንደርሰን አስቀድሞ ነግሮናል። ልጅቷ የወደደችው ልቡ ገና ያልተቀረጸ ድንጋይ ነው፤ ሰውየውም እስከ መጨረሻው ደግ፣ ውብና የማያይ ሆኖ ይቀራል። ምሽት ላይ በሩ ደጃፍ በከፋይ ትራስ ላይ እንድትተኛ ይፈቅድላታል፤ ይህንንም ፍቅር ይለዋል።

አምስቱ ታላላቆቿ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው በየዓመቱ አንዷ ወደ ላይ ትወጣለች። በተረት ሕግ ድግግሞሽ ሦስት ጊዜ ይበቃል፣ ነገሩም ይመሳሰላል። እዚህ አምስት ነው፤ አንዱም አንዱን አይመስልም። የመጀመሪያዋ በጨረቃ ብርሃን አሸዋ ላይ ተኝታ የከተማ መብራትና የደወል ድምፅ ታመጣለች። ሁለተኛዋ የፀሐይ መግቢያ ወርቅ ታያለች፣ በላዩም የዱር ዝይ መሰል ነጫጭ ወፎች ይበርራሉ። ሦስተኛዋ ደፋር ስለሆነች በወንዝ ሽቅብ ትዋኛለች፤ ልጆች ሲዋኙ ታገኛለች፣ ትንሽ ጥቁር ውሻ ይጮህባትና ትሸሻለች። አራተኛዋ ከባሕሩ መሐል አትንቀሳቀስም። አምስተኛዋ በክረምት ተወልዳ የበረዶ ተራራ ላይ ተቀምጣ መብረቅ ታያለች። እንግዲህ ታናሺቱ ተራዋ እስኪደርስ አንባቢውም አብሯት ለዓመታት ይጠብቃል። ከላይ ያለው ሁሉ ታይቶ አልቋል። ለእሷ የቀረው አንድን ሰው ቀርቦ ማየት ብቻ ነው፤ ዓይኗ የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው።

ከመውጣቷ በፊት አያቷ ያስጌጧታል። አያትየዋ በዘራቸው የሚኮሩ ናቸው፤ ሌሎች መኳንንት ጭራቸው ላይ ስድስት ኦይስተር ሲያደርጉ እሳቸው አሥራ ሁለት ያደርጋሉ። ለልጅቷ ስምንት ዛጎሎች ጭራዋን ነክሰው እንዲይዙ ያዝዛሉ። ያምመኛል ትላለች። ለማዕረግ ሲባል መታመም አይቀርም ይሏታል። ሥዕሉ ፈገግ ያሰኛል፤ ልጅ ሲያበጥሩት የሚጮህበትን ቤት ሁሉ ያስታውሳል። ሕመም ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚህ በር ነው፣ በጨዋታ፣ በጌጥ ስም፣ በምትወድ አያት እጅ። ከዚያ በኋላ እግር ስታገኝ እያንዳንዱ እርምጃ በስለት ላይ እንደመርገጥ ነው። ያኔ አንባቢው ያዝናል እንጂ አይደነግጥም፤ አካሏ ለሌላ ዓለም ሕግ ሲባል ሲታመም አንዴ አይቷልና።

አንደርሰን መቀስ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ሰው ቤት ተጋብዞ ተረት ሲያወራ ወረቀት አጥፎ በትልቁ መቀስ ይቆርጣል፤ ሰሚዎቹ ከሚቆረጠው ምን እንደሚወጣ አያውቁም፤ ተረቱ ሲያልቅ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ዳንሰኞችና ዝይዎች፣ ቤተ መንግሥቶችና መላእክት ግራና ቀኝ ትክክል ሆነው ይወጣሉ። ብዙዎቹ ዛሬም በትውልድ ከተማው በኦደንሴ ይታያሉ። ይህ ታሪክም አንዴ እንደ ታጠፈ ወረቀት የተቆረጠ ነው፤ እጥፋቱ የጠንቋይዋ ቤት ነው። ከእጥፋቱ ወዲህ ያለው ሁሉ ወዲያ ማዶ ጥንዱ አለው። ሐውልቱ ወዲህ፣ ልዑሉ ወዲያ። ዛጎሎቹ ወዲህ፣ ስለቱ ወዲያ። በመጀመሪያ ሌሊት ያየችው መርከብ በልዑሉ ልደት መብራትና ርችት አብርቶ ይጨፈርበታል፤ በመጨረሻው ሌሊት ያለችበት መርከብም በሠርግ መብራት አብርቶ ይጨፈርበታል፣ እሷም ያን ሌሊት ታስታውሳለች። ያኔ ከውጭ በመስኮት ትመለከት ነበር፤ አሁን ከውስጥ ሆና ትጨፍራለች፣ ግን ከያኔው ይልቅ ሩቅ ናት። እህቶቿ እንኳ ወዲህም ወዲያም ወደ መርከቦች ይመጣሉ፤ ወዲህ ከማዕበል በፊት ለመርከበኞች ለመዝፈን፣ ወዲያ ጸጉራቸውን ተላጭተው ቢላዋ ይዘው።

እጥፋቱ ላይ ያለችው ጠንቋይም ተራ አስፈሪ አይደለችም። መንገዱ በአዙሪት ያልፋል፤ ግማሽ እንስሳ ግማሽ ተክል የሆኑ ነገሮች ክንዳቸውን ዘርግተው የያዙትን አይለቁም፣ ከያዙትም መካከል አንዲት ታንቃ የሞተች ትንሽ የባሕር ልጅ አለች። ቤቱ በሰመጡ ሰዎች አጥንት የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ ግን ከሌላ ተረትም ሊመጣ ይችላል። አንደርሰንን የምናውቀው ቀጥሎ ነው፦ ጠንቋይዋ መድኃኒቱን ከመቀቀሏ በፊት እባቦች በቋጠሮ አስራ ድስቷን ትፈትግባቸዋለች፤ ንጽሕና መልካም ነገር መሆኑንም ታሳስባለች። በጠንቋይ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ የወጥ ቤት ሥርዓት ሲኖር ፍርሃቱ ይጨምራል። ከዚያ ደረቷን ጭራ ጥቁር ደሟን ታንጠባጥባለች፤ የፈላው ሁሉ ሲያበቃ እንደ ጠራ ውሃ ይሆናል። ውሉን ስትነግራትም እንደ ገበያ ሰው ግልጽ ናት፤ ምን እንደምትሰጥ፣ ምን እንደምታጣ፣ ባይሳካ ምን እንደሚሆን አንዱንም አትደብቅም። ልጅቷ አልተታለለችም። ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ የተታለለች ልጅ ብትሆን ታሳዝን ነበር፣ ይህች ግን ታስከብራለች።

ዋጋው ምላሷ ነው። የድምፅ ነገር ለአንደርሰን ሩቅ አልነበረም፤ የጫማ ሠሪና የልብስ አጣቢ ልጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1819፣ በአሥራ አራት ዓመቱ፣ ኮፐንሃገን ሲገባ በድምፁ ቲያትር ቤት ሊገባ ነበር የተመኘው፤ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ጎረነነና ተስፋው ተዘጋ። ጸሐፊው ግን በዚህ ቦታ ራሱን ወደ ታሪኩ አይጎትትም። ሥራውን ያከብደውና ይሠራዋል። ከዚህ በኋላ ዋና ገጸ ባሕርይው አትናገርም፤ ትረካው በእግሯና በዓይኗ ብቻ መሄድ አለበት። ስለዚህ ትጨፍራለች፤ እግሯ መሬት በነካ ቁጥር እየቆሰለች ትጨፍራለች። ሌሊት ቤቱ ሲተኛ በእብነ በረዱ ደረጃ ወርዳ የሚቃጠል እግሯን በባሕሩ ታቀዘቅዛለች። ከማዶ ለብዙ ዓመት ወደ ውሃው ፊት ወጥተው የማያውቁት አያቷና ዘውዱን የደፋው አባቷ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ወደ ዳርቻው ለመቅረብ ግን አይደፍሩም። አንድም ቃል አይባልም።

ይህን ዝምታ ከሌሎች ጥበበኞች አንዳንዶቹ ተረድተውታል። ቼኩ ያሮስላቭ ክቫፒል የሙዚቃ ደራሲው ድቮርዣክ ኦፔራ ያደረገውን “ሩሳልካ”ን ሲጽፍ ከአንደርሰንም ከፉኬም ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1901 በፕራግ ብሔራዊ ቲያትር ሲከፈት ታዳሚው በኦፔራ ዓለም ብዙ ያልተለመደ ነገር አየ። ዋናዋ ዘፋኝ በሁለተኛው ክፍል በሰዎች መካከል ሳለች አትዘፍንም። ዙሪያዋን ሁሉ ይዘፍናል፣ እሷ ቆማ ትሰማለች፤ ድምፅዋ የሚመለሰው ከውሃው ወገኗ ጋር ብቻዋን ስትሆን ነው። ዘፋኝን በማስቆም ይህን ያህል ማሳየት የአንደርሰንን ሙያ ጠንቅቆ የተማረ ሰው ሥራ ነው። በኮፐንሃገን ወደብ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ የተቀመጠችው የኤድቫርድ ኤሪክሰን የነሐስ ሐውልትም ቁመቷ ከ1.25 ሜትር አይበልጥም፤ ብዙ ጎብኚ አነሰችብኝ ይላል። እኔ ልኳ ይህ ነው እላለሁ። እግር አላት፣ የእግሯ ጫፍ ግን ወደ ዓሣ ክንፍ ይሄዳል፤ ቀራጺው እጥፋቱ ላይ አስቀምጧታል።

አሁን ወደ እንባው ልመለስ። የታሪኩ ረቂቅ ሥራ ያለው እዚያ ነው። ገና በመጀመሪያው ግማሽ፣ እህቶቿ ምሽት ላይ ተያይዘው ሲወጡ ታናሺቱ ብቻዋን ትቀራለች፤ ልታለቅስ የደረሰች ትመስላለች፤ ግን የባሕር ሰዎች እንባ የላቸውም፣ ስለዚህም ሕመማቸው የበረታ ነው። አንደርሰን ይህን ብሎ ያልፋል። ከእጥፋቱ ወዲያ፣ ልዑሉ በጸሎት ቤቱ ደጅ ስላገኘችው ሌላ ልጅ ሲያወራላት፣ ማልቀስ እንደማትችል ዳግመኛ ያነሣል። ከዚህ በቀር ዝም ነው። ይህ ደንብ ገጸ ባሕርይዋን ብቻ ሳይሆን ደራሲውንም አስሯል። እሷ ካላለቀሰች እሱ ስለ እሷ ሊያለቅስላት አይችልም። በስለት መራመዷን፣ በሠርጉ ሌሊት መጨፈሯን፣ የሙሽሪትን ልብስ ጫፍ ይዛ መቆሟን ሁሉ በደረቅ ዓይን ነው የሚነግረን። አንባቢን የሚያስለቅሰውም ይህ ድርቀት ነው።

በመጨረሻው ንጋት እህቶቿ የሰጧትን ቢላዋ ይዛ ወደ ድንኳኑ ትገባለች። የልዑሉ ደም እግሯን ቢነካው ጭራዋ ይመለሳል። ቢላዋው በእጇ ይንቀጠቀጣል፤ ትወረውረዋለች፤ የወደቀበት ቦታ ላይ ውሃው ቀልቶ ከሥር የደም ጠብታ የሚፈልቅ ይመስላል። የጠንቋይዋ ጥቁር ደም፣ በየእርምጃው የታመመውና የደማው እግር፣ ያልፈሰሰው የልዑሉ ደም፣ ሁሉም በዚህች የቀላች ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ትዘልላለች። አረፋ ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ ከአረፋው ትነሣለች፤ የአየር ልጆች ይቀበሏታል። እጆቿን ወደ ፀሐይ ታነሣለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም እንባ ይሰማታል። ከእጥፋቱ ወዲህ ብቻ የተቆረጠ የመሰለው አንድ ነገር፣ ጥንድ የሌለው የመሰለው ጉድለት፣ ጥንዱ ይኸው።

ይህ መጨረሻ በኋላ የተለጠፈ ነው የሚሉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። አይደለም። አንደርሰን ሲጽፈው ለታሪኩ ያሰበው ርእስ “የአየር ልጆች” የሚል ነበር፤ ለኢንገማን የጻፈውም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ቤቱ የተሠራው ከዚህ ምሰሶ ተነሥቶ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት መስመር ነው። የአየር ልጆች ነፍስ ለማግኘት 300 ዓመት መልካም ይሠራሉ፤ ደግ ልጅ ባገኙ ጊዜ ከዘመኑ አንድ ዓመት ይቀነሳል፤ ክፉ ልጅ አይተው ባለቀሱ ጊዜ ደግሞ በእያንዳንዱ እንባ አንድ ቀን ይጨመራል። “ሜሪ ፖፒንስ”ን የጻፈችው ፒ. ኤል. ትራቨርስ በዚህ ክፉኛ ተቆጥታለች፣ ልጆችን በማስፈራራት ማስገደድ ነው ብላ፤ እኔም በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። እዚህ ላይ ተራኪው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከባሕሩ አንሥቶ ፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ያያል፣ ጣቱንም ይቀስርበታል። የእንባውን ክር እንዳልጣለው አያለሁ፤ ያን ያህል ዘመን የተከለከለችው እንባ አሁን ሲመጣ ዋጋ ያስከፍላል። ክሩ ትክክል ነው፣ ስፌቱ ግን ከላይ ይታያል። ለልጆች ጮክ ብዬ ባነብበው፣ የመጀመሪያዋ እንባ ከዓይኗ በወረደችበት መስመር ላይ መጽሐፉን እዘጋለሁ።